አይሮፕላኑ ሳይመጣ ደላላው እንዳይቀድም

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ የሚከተለው ለመስቀል በዓል ወደ እምድብር ለገቡ የአካባቢው ተወላጆችና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር ነው። ተናጋሪው በክፍለ ሀገር አይሮፕላን ማረፊያዎች ረዥም ዘመን የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን ጠብቀንላቸዋል። ጥቂት ከማሳጠር በቀር ቃላቸውን አልነካንም።)

ክትፎ የበላ ሰው ንግግር ይሰማል ብዬ አልጠብቅም። ግን ሽማግሌዎቹ «ተናገር» ካሉኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ እናንተም ተኙ እንጂ አትውጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ቤት ለቤት ስንዞር በሦስት ቤት አንድ ዓይነት ወሬ ሰማሁ። «ለጉራጌ አይሮፕላን ማረፊያ ያስፈልገዋል» የሚል ወሬ ነው። ከመርካቶ የመጣ አንድ ወንድማችን «እኛ ካዋጣን ምን ያቅተናል? ሜዳው እንደሆነ ሞልቷል» አለ። እውነቱን ነው፤ አያቅተንም። በ1950ዎቹ መንግሥትን ደጅ መጥናት ሲሰለቸው ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያወጣ ሕዝብ ነው። ሊስትሮው ሳይቀር ሳንቲሙን ጥሏል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ለመድረስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይኬዳል፤ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም። ሚዛን አማን፣ ያቤሎና ጎሬ መቱ አይሮፕላን ማረፊያ ሲጀመርላቸው የሰማ ሰው «እኛስ?» ቢል አይፈረድበትም።

አንዳንዱ ደግሞ «ውሃ ያጣ ሕዝብ አይሮፕላን ይጠይቃል እንዴ?» ይለኛል። እሱም እውነቱን ነው። በየካቲት 2015 ወልቂጤ ላይ ውሃ አጣን ብለው በወጡ ሰዎች ላይ ተተኩሶ ሰው መሞቱን የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሳይቀር መዝግቦታል። ያንን የረሳ የለም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን ማረፊያው ይሠራ ወይም አይሠራ ለማለት አይደለም። ሰው የዘነጋውን አንድ ነገር ለመናገር ነው። አይሮፕላን ማረፊያ ማለት ማኮብኮቢያው ብቻ አይደለም። ከማኮብኮቢያው ይልቅ ከባዱ ዙሪያው ነው።

ይህን ለእምድብር ሰው ማስረዳት ለአዲስ አበባ ሰው ከማስረዳት ይቀላል። ለምን? እኛ ጀፎሮ አለንና።

እስቲ ከዚህ ወጥታችሁ የትኛውም የቸሃ መንደር ግቡ። መሐል ለመሐል ሣር የለበሰ ሰፊና ቀጥ ያለ ሜዳ ታያላችሁ። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ቆመዋል፤ አሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። በጀፎሮው ላይ ፈረስ ይጋለባል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ደመራ ይቆማል፣ ከብት ይነዳል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ይህን ሜዳ ማንም አያርሰውም። ማንም አጥሩን አንድ ክንድ ወደፊት አያወጣም። ባለጠጋም ቢሆን፣ ወንድ ልጁን ሊድር ቤት ቢያንሰውም፣ ወደ ጀፎሮው አይገፋም። ከገፋ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ በቂጫው ይቀጣል፣ አጥሩንም በገዛ እጁ ይነቅላል። ቀያሽ መሐንዲስ አልመጣም፣ ካርታ አልታተመም፣ ማኅተም አልተመታም። ግን ስንት መንግሥት ሲለዋወጥ ጀፎሮው ቆሟል።

ፈረንጆቹ «ዞኒንግ» የሚሉት ይኸው ነው። መሬቱ የአንተ ይዞታ ቢሆንም እዚህ ቦታ ላይ ይህን አትሥራ፣ ከዚህ ቁመት አትለፍ የሚል ደንብ ነው። እኛ ለፈረስና ለለቅሶ ያወጣነውን ደንብ እነሱ ለአይሮፕላን አወጡት። ልዩነቱ የአይሮፕላኑ ጀፎሮ ወደ ሰማይም መዘርጋቱ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። አትፍሩ፣ ቀላል ነው።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት የመነጨ አሥራ አራተኛ አባሪ የሚባል ሰነድ አለው። የአይሮፕላን ማረፊያዎች መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ለትንሿ፣ ያለ መሣሪያ በዓይን ብቻ ለሚታረፍባት ሜዳ እንኳ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 30 ሜትር አልፎ የሚጀምር ተዳፋት አለ። በየሃያ ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ እያለ 1,600 ሜትር ይዘልቃል። ከዚህ ተዳፋት በላይ ምንም ነገር ጫፉን ማውጣት የለበትም። በጎንና ጎኑ ደግሞ ከሜዳው ጠርዝ በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር ነው የሚፈቀደው። ከዚያ ውጭ በ2,000 ሜትር ክብ ውስጥ ከሜዳው 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ነገር አይቆምም። ትልልቅ ጄት ለሚያርፍበት ክቡ 4,000 ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ አስሉት። አሰት አምስት ሜትር ቢያድግ ከተዳፋቱ መነሻ መቶ ሜትር ርቆ ቢተከል ማንንም አይጎዳም። ድንች፣ ጎመንና ቃሪያ ከዚያም ቀርበው ይበቅላሉ። ባሕር ዛፉስ? ሃያ ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ 400 ሜትር መራቅ አለበት፤ ሠላሳ ሜትር ከሆነ 600 ሜትር። እዚህ አገር ባሕር ዛፍ የማይሸጥ አባወራ ስንት ነው? የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ፣ የእህቱን ሠርግ፣ የቤቱን ቆርቆሮ የሚከፍልለት ያ ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ ተቆርጦ አያልቅም። በአምስትና በስድስት ዓመቱ ተመልሶ ከአይሮፕላኑ መንገድ ላይ ይቆማል። የስልክ ማማውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ በጫፉ በኩል «ጂ ፕላስ አራት» የሚሠራውን ባለሀብት ሳልጨምር ነው። ሽቦ እንዲያውም ከሁሉ የከፋ ነው፤ አብራሪው ምሰሶውን ያያል እንጂ ሽቦውን አያይም።

ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ አይሮፕላን ለመነሳት ብዙ መንደርደር አለበት። የመሐንዲሶቹ መነሻ ስሌት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የማኮብኮቢያውን ርዝመት ሰባት በመቶ ጨምር ይላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 700 ሜትር የሚበቃው ትንሽ አይሮፕላን እዚህ ሺህ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ሙቀቱና ዳገቱ ሳይቆጠር። ከተነሳም በኋላ ቶሎ ከፍ አይልም። ስለዚህ «ትንሽ ሜዳ ነው፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል» የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

አሁን ወደ ወፎቹ ልምጣ። ይሄን ስናገር ሁልጊዜ ሆዴን ይበላኛል።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ ዓመት ገብቶ አራት ቀን ያለፈው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር አርፎ ወደ አሥመራ ሊቀጥል ሲነሳ የርግብ መንጋ ገባበት። ርግብ ነው የምላችሁ! እኛ በየጣሪያው የምናያት፣ እህል የምትለቅም የዱር ርግብ። በሁለቱም ሞተሮች ገባች። አብራሪው ዞሮ ሊመለስ ሞከረ፤ ሞተሮቹ ግን ከዱት። በሆዱ ሜዳ ላይ አሳረፈው፣ እሳት ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። የተረፉት የተረፉት አብራሪው አይሮፕላኑን ሜዳ ላይ ማሳረፍ ስለቻለ ነው። ያ መሬት መንደር ቢሆን ኖሮስ?

ርግብ ወደ አይሮፕላን ማረፊያ ለምን ትመጣለች? ማረፊያው ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በዙሪያው ደግሞ እህል አለ። ወፍ አዋጅ አያነብም፣ ምግቡን ይከተላል። ስለዚህ በዓለም ላይ ይህን ሥራ የያዙ ሰዎች «ወፍ አባሩ» ብቻ አይሉም፤ «ወፍ የሚጠራውን ነገር አታስጠጉ» ይላሉ። ቄራ አታስጠጉ። የቆሻሻ መጣያ አታስጠጉ፤ ለሱ የሚመከረው ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ነው። የእህል ጎተራ፣ የዓሣ ኩሬ፣ ክፍት ፍሳሽ አታስጠጉ። 13 ኪሎ ሜትር ማለት ከእምድብር ተነስታችሁ ሌላ ወረዳ ልትገቡ የምትችሉበት ርቀት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ብቻ አያልቅም። በመስቀል ሰሞን ደግሞ እኛ ጋ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ በየደጁ በሬ ይታረዳል፣ የአገሩ አሞራና ጭልፊት ሁሉ እዚህ ነው። አንድ አሞራ ስንት ኪሎ ይሆናል? አይሮፕላኑ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሲመጣ የሚመታው ሥጋ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። (ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ። ባሕር ዳርም ከዚያ ቀን በፊት ርግብ ያስቅ ይሆናል።

ይሄ የድሮ ታሪክ ነው የምትሉም አላችሁ። በ2017 ታኅሣሥ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2024፣ ደቡብ ኮሪያ ሙዋን በሚባል ማረፊያ የጄጁ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወፍ መታው። ያለ ጎማ በሆዱ አርፎ እየተንሸራተተ ከማኮብኮቢያው መጨረሻ አልፎ ኮንክሪት ከተሸከመ የአፈር ግድብ ጋር ተጋጨ። በውስጡ ከነበሩት 181 ሰዎች 179ኙ ሞቱ። ኮንክሪቱ እዚያ የቆመው ለአይሮፕላኑ መምሪያ የሚሆነውን አንቴና ለመሸከም ነበር። ለደህንነት የተሠራ ነገር ነው እንግዲህ! ሁለቱም ነገሮች፣ ወፉም ከጫፍ የቆመው ጠጣር ነገርም፣ በአንድ ቀን ተገናኙ። ኮሪያ ሀብታም አገር ነው። ሀብት አላዳነም።

ከወፉ ቀጥሎ የሚያስፈራኝ ገበያ ነው። በታኅሣሥ 1988፣ የኛ ገና ባለፈ ማግሥት፣ ኪንሻሳ መሐል ባለችው ንዶሎ በምትባል ትንሽ አይሮፕላን ማረፊያ አንድ አንቶኖቭ 32 የጭነት አይሮፕላን ለመነሳት ተንደርድሮ አልነሳ አለ። ማኮብኮቢያው አለቀ። ከጫፉ ምን ነበር? ገበያ። ጉሊት የዘረጉ ሴቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። በአይሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት ይልቅ በመሬት ላይ የነበሩት ናቸው ያለቁት። ቲኬት ያልቆረጡ፣ አይሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ ሰዎች።

ገበያው እዚያ ምን አመጣው? እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ማረፊያ ሲሠራ መንገድ ይመጣል። መንገድ ሲመጣ ሻይ ቤት ይመጣል፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ጉሊት፣ ከዚያ ኪዮስክ፣ ከዚያ የጨረቃ ቤት። ማንም «እዚህ ስፍራ ጥፋት ይመጣል» ብሎ አይሰፍርም። ባዶ መሬት አየ፣ ሰፈረ። ባዶ የተተወበትን ምክንያት የነገረው የለም።

አሜሪካኖቹም ይህን የተማሩት በደም ነው። በኒው ጀርሲ ኤልዛቤት በምትባል ከተማ በ1951 መጨረሻና በ1952 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት አይሮፕላኖች ወደቁ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሕዝቡ አመፀ፣ የኒውአርክ ማረፊያ ለጊዜው ተዘጋ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጄኔራል ዱሊትል የሚመራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ ከማኮብኮቢያ ጫፍ ያለው መሬት ባዶ ይተው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ቤትና ትምህርት ቤት እንዳይሠራበት በደንብ ይያዝ አለ። እዚያ ሦስት አይሮፕላን ወድቆ ነው ኮሚሽን የተቋቋመው። እኛ አገር ቢሆን ኮሚሽኑን የሚያጣራ ኮሚሽን ይቋቋም ነበር።

እኛ ጋም እኮ ልምዱ አለ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ሲመጣ በነሐሴ 1921 ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው ያረፈው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ሥራ ሲጀምር ከልደታ ይነሳ ነበር። ጄት ሲመጣ ልደታ አጠረ፤ ቦሌ ተሠራ። ቦሌ ያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ሜዳ ነበር። ዛሬ ቦሌን ሜዳ ነበር ብትሉት የሚያምን ወጣት የለም፤ የልደታው ማረፊያም ለሰፈሩ ስሙን ብቻ ትቶ «ኦልድ ኤርፖርት» የሀብታምና የኤምባሲ መንደር ሆኗል። አሁን ደግሞ ቦሌ ጠቦ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲስ ይሠራል ተብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከመሬታቸው እንዲነሱ ሆኗል። ከተማ ማረፊያውን ይውጠዋል፣ ማረፊያው ገበሬውን ይገፋዋል፣ ገበሬው የተገፋበት ቦታ ደግሞ ነገ ከተማ ይሆናል።

ጂንካን ያየ ሰው እዚህ አለ? አለ። እንግዲህ ጂንካ የድሮው ሣር ማረፊያ ከተማው መሐል ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አይሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ዞር ይላል። በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባኮ ላይ አዲስ ተሠራ። በንጉሡ ጊዜ እንዲህ ያሉ የሣር ሜዳዎች ሞልተው ነበር፤ ጎሬ፣ ማጂ፣ ቡልቂ፣ ዋካ፣ ሶዶ። ዲሲ-3 የምትባለው አይሮፕላን ቡና ጭና፣ ሰው ጭና፣ አንዳንዴም በግ ጭና ትነሳ ነበር።

እኔም በአንዱ ሜዳ ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ሬዲዮ መያዝ ነበር በወረቀት። በተግባር ግን አይሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከዘበኛው ጋር በጅራፍ ላምና አህያ ማባረር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ከማኮብኮቢያው መሐል እህል አስጥተው አገኘኋቸው። «እማማ፣ አይሮፕላን እየመጣ ነው» ብላቸው «ልጄ፣ እሱ ክንፍ አለው፣ እኔ የለኝም፤ እሱ ይዙር» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እህሉን ተጋግዘን አነሳን። እሳቸው አልነበሩም ጥፋተኛዋ። የሚያሰጡበት ሜዳ ተወስዶባቸው ሌላ ያልተሰጣቸው ሴት ነበሩ።

እዚያው ሜዳ ያየሁት የከፋው ነገር ግን ላምም እህልም አይደለም። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሁለት መቶ ሜትር ላይ አንድ ቀን ችካል ተተክሎ አየሁ። ጠየቅሁ። «ለእነ እገሌ ምሪት ተሰጥቷል» ተባልኩ። እነ እገሌ እነማን እንደሆኑ የገባው ይግባው። «ይሄ እኮ የአይሮፕላን መንገድ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጻፍኩ፣ ሁለት ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ የመለሱልኝ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። (ሳቅ) ቤቱ ተሠራ። ቁመቱ ስድስት ሜትር ነበር፤ ያ ስላልገደለ ዛሬም ድረስ «ምን ሆነ ታዲያ?» ይሉኛል። በቀጣዩ ዓመት ከጎኑ ባለ ፎቅ መጣ።

ወገኖቼ፣ ሕግ አጥተን አይደለም። የሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ቁጥር 616/2001 አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ። የሕንፃ አዋጅ አለ። ወረቀት እንደሆነ ሞልቶናል። የጎደለው ያ ወረቀት ሽማግሌ እንደተቀመጠበት ጀፎሮ መከበሩ ነው። ጀፎሮውን የሚጠብቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው፤ ልጁ የሚጫወተው እዚያ ነው፣ አባቱ የተለቀሰው እዚያ ነው። የአቪዬሽኑን ደንብ የሚጠብቀው ግን አዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የሚያፈርሰው ደግሞ እዚሁ ያለ ምሪት ሰጪ ነው። መካከላቸው ያለው መንገድ በዚህ ክረምት ጭቃ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። በነሐሴ 2015 ክልል ሆናችኋል ከተባልን ወዲህ ደግሞ ቢሮዎቹ በየከተማው ተበትነዋል፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ሆኗል፣ ወልቂጤ የኛ ነው፣ ሆሳዕና ዋናው ነው። አንድ ባሕር ዛፍ ለማስቆረጥ ስንት ቢሮ ይኬዳል?

እዚህ ላይ አንድ ወጣት እጁን ሲያወጣ አያለሁ፤ ቆይ፣ ጥያቄህን ገምቻለሁ። «ታዲያ ገበሬው ዛፍህን ቁረጥ፣ ቤትህን አትሥራ ሲባል ማን ይክሰዋል?» ነው። አዎ። ይሄ ጥያቄ ካልተመለሰ የተናገርኩት ሁሉ ለደሃው ዱላ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ኮዝቢ የሚባል የዶሮ አርቢ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤቱ አጠገብ የነበረችውን ትንሽ ማረፊያ ጦሩ ተከራያት። ቦምብ ጣዮቹ ከመሬቱ 83 ጫማ፣ ማለትም 25 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ያልፉ ነበር። ዶሮዎቹ እየደነገጡ ከግድግዳ ጋር ተላትመው 150 ያህል አለቁ፤ ሰውየው ሥራውን ተወ። ከሰሰ። ማንን? የአሜሪካን መንግሥት! በ1946 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱን ባትነካውም ከላዩ እንዲህ ዝቅ ብለህ ስትበር ወስደኸዋል፣ ስለዚህ ክፈል አለ። አስቡት፤ ገና ከጦርነት የወጣ መንግሥት ለዶሮ አርቢ ክፈል ተባለ።

የኛስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለውም ይላል። የካሳው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ለሚለቅ ሰው ካሳና ምትክ ይላል። ደህና። ገበሬው ግን መሬቱን ሳይለቅ፣ ካርታው በእጁ እያለ፣ ባሕር ዛፍ አትትከል፣ ፎቅ አትሥራ፣ እህል አታስጣ ሲባልስ? መሬቱ አልተወሰደም፤ ግን ግማሽ ዋጋው ሄዷል። ይህን አሁን፣ ማረፊያ የሚባል ነገር ገና ወሬ እያለ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ቡልዶዘር ከመጣ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ዕንባ ይባላል እንጂ ጥያቄ አይባልም። ለባሕር ዛፉ በየዙሩ የሚያጣውን ገቢ የሚተካ ነገር በጽሑፍ ይሰጠው። ያ ካልሆነ ሌሊት ሄዶ ይተክላል፤ እኔም ብሆን እተክላለሁ።

ደላላው ደግሞ ከሁላችንም ይቀድማል። በቡና ላይ ያወራነው ወሬ ነገ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከነገ ወዲያ መነጽር ያደረገ ሰው መጥቶ የአንዱን አዛውንት ባሕር ዛፍ «ከነመሬቱ» በውል ያስፈርማል። ሽማግሌው ማረፊያ እንደሚመጣ አያውቁም፤ ገዢው ያውቃል። ወይም ማረፊያው ጭራሽ አይመጣም፤ ገዢው ግን «ይመጣል» ብሎ ለሌላ ይሸጣል። ማረፊያ ቢመጣም ባይመጣም ደላላው አይከስርም። ከእናንተ መካከል ከዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላ ካለ ይቅርታ፤ ግን አልዋሽም።

ለዚህ ነው ነገሩን ለባለሥልጣን ብቻ አንተውው የምለው። እኔ በመሐንዲስነት አልመጣሁም፣ ሜዳውንም የምመርጠው እኔ አይደለሁም። ነገ ጧት ግን እነዚህ ፊት የተቀመጡ አባቶች እሺ ካሉኝ፣ ሰው ሁሉ «ለማረፊያ ይሆናል» ወደሚለው ሜዳ በእግራችን እንሄዳለን። ስልሳ ሜትር ገመድ ይዣለሁ፤ የትንሿ ሜዳ ወርድ ያ ነው። ከሁለቱ ጫፎች 1,600 ሜትር እየተራመድን የማን ቤት፣ የማን ዛፍ፣ የማን ጉድጓድ፣ የማን መቃብር እንዳለ በስም እንጽፋለን። የሞባይል ማማውንም፣ የወፍጮ ቤቱንም፣ ጠዋት ጠዋት ርግብ የምትሰፍርበትን አውድማም እንጽፋለን። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ፣ አንዱን ለወረዳው አስፈርመን እንስጥ። ወረዳው ካልፈረመ፣ አልፈረመም ብለን ቀኑን እንጽፋለን።

የዚያ መሬት ባለቤቶች ከፊት ይሂዱ፤ እኛ ከኋላ እንከተላለን። በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ጀፎሮ ላይ እንገናኝ። አሁን ያ እጁን ያወጣው ልጅ ይናገር።